ሙዚቃው ሳይቋረጥ፦ ስለ ክላሲካል ሙዚቀኞች የተሠሩ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልሞች

ዘጋቢ ፊልም በእውን የኖረን ሰው፣ የነበረን ቦታ ወይም የተፈጸመን ድርጊት መነሻ አድርጎ፣ ምስልንና ድምፅን በተመረጠ ቅደም ተከተል አዋሕዶ የሚቀርብ ሥራ ሲሆን፣ በቴሌቪዥን አማካይነት በስፋት ለሕዝብ ከደረሱት ዘርፎቹ አንዱ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወትና ሥራ የሚመለከተው ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ፖለቲከኛው ለካሜራ የተመቸ ነው፤ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ በሕዝብ ይከበባል፣ ይሾማል፣ ይሻራል፤ ሥራውና የሚታየው ነገር የተቀራረቡ ስለሆኑ ካሜራው ተከትሎት ከሄደ ከታሪኩ ብዙውን ያገኛል። የክላሲካል ሙዚቃ ባለሙያ፣ ማለትም በኖታ ተጽፎ የቆየውን የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን፣ የቤተ መንግሥትና የኮንሰርት አዳራሽ ሙዚቃ የሚደርስ ወይም የሚጫወት ሰው፣ ግን የዕድሜውን ትልቁን ክፍል የሚያሳልፈው በአንድ ክፍል ውስጥ ከመሣሪያው ወይም ከወረቀቱ ጋር ብቻውን ሆኖ ነው፤ የድካሙ ፍሬም በጆሮ እንጂ በዓይን የሚያዝ አይደለም። ቴሌቪዥን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የዓይን መሣሪያ ነው። ይህ ዲስኩር የፊልም ሠሪዎች ከዚህ ተቃርኖ ጋር እንዴት እንደታገሉ የሚመረምር ሲሆን፣ የሚያቀርበው ክርክር አንድ ነው፤ ስለ ሙዚቀኛ የተሠራ ፊልም ዋጋው የሚለካው ሙዚቃውን ሳያቋርጥ ለማሰማት ባለው ድፍረት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ዘርፍ መሠረት ከተጣለባቸው ስፍራዎች አንዱ የብሪታንያው ቢቢሲ በ1958 የጀመረው «ሞኒተር» የተሰኘ የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን በኃላፊነት የሚመራውና በራሱ ድምፅ የሚያቀርበው ሂው ዌልደን፣ ዘጋቢ ፊልም ለእውነት የቆመ ስለሆነ በእውን የኖረን ሰው ተዋናይ መስሎት እንዲጫወት መፍቀድ ተመልካቹን ማታለል ነው የሚል ጥብቅ አቋም ነበረው። በዚህም የተነሣ ኬን ራስል የተባለው ወጣት ዳይሬክተር በ1961 ስለ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ ፊልም ሲሠራ፣ ተዋናዩን በሙሉ ገጽታው ለማሳየት አልተፈቀደለትምና እጆቹን ወይም በኩሬ ውሃ ላይ የወደቀ ምስሉን በመሳሰሉ ቁርጥራጮች ለመወሰን ተገደደ። በ1962 መገባደጃ፣ የፕሮግራሙ መቶኛ ስርጭት ሆኖ በቀረበው የኤድዋርድ ኤልጋር ፊልም ግን ክልከላው ጥቂት ላላ፤ ተዋናዮች ከርቀት እንዲታዩ ተፈቀደ፣ እንዲናገሩ ግን አልተፈቀደም።

ኤልጋር በ1857 በእንግሊዝ አገር፣ በዉስተር ከተማ አቅራቢያ፣ ፒያኖ እየቃኘና የሙዚቃ ዕቃ እየሸጠ ከሚተዳደር አባት የተወለደና በአብዛኛው በራሱ ጥረት የተማረ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። የራስል ፊልም አንድ ልጅ በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የማልቨርንን ኮረብታ ሽቅብ ሲጋልብ በማሳየት ይጀምራል፤ ከምስሉ በታች የሚሰማው ኤልጋር በ1905 ለገመድ መሣሪያዎች፣ ማለትም ለቫዮሊን፣ ለቫዮላ፣ ለሴሎና ለደብል ባስ ኦርኬስትራ የደረሰው ሥራ ነው። ልጁ አይናገርም፤ ተራኪውም በዚህ ስፍራ ዝም ይላል። ሙዚቃው በእርጋታ እየተከማቸ ሄዶ ሲፈታ ፈረሱም አብሮት ሲሮጥ፣ ተመልካቹ የኤልጋርን ሙዚቃ ከዚያ ኮረብታ፣ ከዚያ ነፋስና ከዚያ ብቸኛ ልጅነት ነጥሎ መስማት ያቅተዋል። አንድ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ በብዙ ገጾች ሊያስረዳው የሚሞክረውን፣ ማለትም አገሩ በሰውየው ሙዚቃ ውስጥ እንዴት እንደገባ፣ ፊልሙ በጥቂት ደቂቃዎች ያለ ቃል ይፈጽመዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ውበት የተገኘው ከክልከላው መሆኑ ነው። ዌልደን ለተዋናዮቹ አንደበት ቢፈቅድላቸው ኖሮ ራስል ለኤልጋርና ለሚስቱ ንግግር ይጽፍ፣ ንግግሩም የሙዚቃውን ቦታ ይወስድ ነበር። አፋቸው የተዘጋ ሰዎች በሚታዩበት ፊልም ውስጥ ግን ከተራኪው ሌላ መናገር የሚችለው ሙዚቃው ብቻ ስለሆነ፣ በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የሙዚቃ ደራሲ በራሱ ቋንቋ ታሪኩን ለሚሊዮኖች ተናገረ ለማለት ይቻላል። የፊልሙ ደፋር ክፍልም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ኤልጋር የደረሰው፣ ብሪታንያውያን እንደ ሁለተኛ ብሔራዊ መዝሙር የሚቆጥሩት የክብር ሰልፍ ሙዚቃ ሲሰማ፣ በምስል የሚታየው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተገኘ እውነተኛ የፊልም ቅጂ ነው፤ ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮች አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዘው ይሄዳሉ፣ የመቃብር መስቀሎችም ተሰልፈው ይታያሉ። ጆሮ ድል ይሰማል፤ ዓይን ደግሞ የድሉን ዋጋ ያያል። ራስል በተራኪው አፍ አንድም የተቃውሞ ቃል ሳያናግር ስለ ሙዚቃውና ስለ ዘመኑ የራሱን ፍርድ ሰጠ፤ ሙዚቃው ተቆራርጦ ቢሰማ ኖሮ ይህ ፍርድ ባልተሰማ ነበር።

ራስል በኋላ በሠራቸው ፊልሞች ተዋናዮቹን ማናገር ጀመረ። በ1965 ስለ ሙዚቃ ደራሲው ክሎድ ደቡሲ የሠራው ፊልም የክልከላውን አጥር የዘለለው በብልሃት ነበር፤ ተዋናዩ ደቡሲን የሚጫወት ተዋናይ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ተመልካቹ የሚያየው ሰው ደቡሲ ነው ተብሎ አይዋሽም። በ1968 የቀረበው የሙዚቃ ደራሲው የፍሬድሪክ ዲሊየስ ፊልም ግን ከሁሉ የላቀ ነው። ዲሊየስ በመጨረሻው ዘመኑ በፈረንሳይ አገር፣ ግሬ በተባለች መንደር፣ ዓይኑ ጠፍቶና ሰውነቱ ሽባ ሆኖ ይኖር ነበር፤ ኤሪክ ፌንቢ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ በ1928 ወደ መንደሯ ሄዶ፣ ዲሊየስ በ1934 እስኪሞት ድረስ በየጊዜው እየተመላለሰ በቃል የሚነግረውን ሙዚቃ በኖታ ይጽፍለት ነበር። ፊልሙ ሽማግሌው የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ በትዕግሥት ማጣት እየጠራ፣ ወጣቱም ላቡ እየፈሰሰ ሲጽፍ የሚያሳይበት ትዕይንት አለው፤ ሙዚቃ መድረስ ማለት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ፌንቢ ራሱ በሕይወት ስለነበረ የፊልሙ አማካሪ ሆኗል። ተዋናይ የሚናገርበት ሥራ ዘጋቢ ፊልም ነው ወይስ ድራማ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ሆኖም የዲሊየስ ፊልም ኖታ በኖታ ሲገነባ የሚያሳየው ሙዚቃ እውነተኛ ነውና፣ በዚህ ዲስኩር መለኪያ ብዙ ዘጋቢ ፊልሞችን ያስከነዳል።

የሙዚቃ ፊልም ከሌላው ዘጋቢ ፊልም የሚለይበት አንድ ሕጋዊ ጉዳይም ከራስል ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የቅጂ መብት የሚባለው፣ አንድ ሥራ ያለ ደራሲው ወይም ያለ ወራሾቹ ፈቃድ እንዳይባዛና እንዳይሰራጭ የሚከለክለው ሕግ፣ በአውሮፓ ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ይጸናል። ራስል በ1970 ስለ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሪሻርድ ሽትራውስ፣ ከናዚ መንግሥት ጋር ያለውን ግንኙነት በጭካኔ የሚያላግጥ ፊልም አቀረበ፤ በሽትራውስ ቤተሰብ ተቃውሞ ምክንያት የሙዚቃው ፈቃድ ተነሣና ፊልሙ ከአንድ ጊዜ ስርጭት በኋላ ተቆለፈበት። ሽትራውስ የሞተው በ1949 ስለነበረ፣ መብቱ በ2019 መጨረሻ እስኪያበቃ ድረስ ፊልሙ ግማሽ ምዕተ ዓመት በመደርደሪያ ላይ ኖረ። ስለ ፖለቲከኛ ፊልም የሚሠራ ሰው የፖለቲከኛውን ቤተሰብ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገው ይሆናል፤ የሙዚቀኛውን ፊልም የሚሠራው ግን ሙዚቃውን ካጣ ምንም የሚቀረው የለም።

ከሕጉ በፊት ግን የመሣሪያው ጉዳይ ነበር። የቀድሞው የፊልም ካሜራ በውስጡ ያለው ሞተር ፊልሙን ሲያዞር የሚያሰማው ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ድምፁን ለማፈን በከባድ ሣጥን ይሸፈን ነበር፤ ሣጥኑም ካሜራውን ከቆመበት የማይነቃነቅ ያደርገዋል። ድምፅ የሚቀረጸው ለብቻው በማግኔት ቴፕ ላይ ሲሆን፣ ቴፑና ፊልሙ በእኩል ፍጥነት ካልሄዱ የቫዮሊን ተጫዋቹ ደጋን ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ ገና ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ይፈጠራል። በንግግር ላይ ተመልካች ይህን ትንሽ መዛነፍ ይታገሠዋል፤ በሙዚቃ ላይ ግን ወዲያውኑ ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ግን ቀለል ያሉ፣ በትከሻ የሚያዙና እየቆዩ ድምፃቸው የጠፋ ባለ 16 ሚሊሜትር ካሜራዎች ብቅ አሉ። በአሜሪካ የሮበርት ድሩ ቡድን በ1960 ጆን ኬኔዲና ሂዩበርት ሀምፍሪ በዊስኮንሲን ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት ሲፎካከሩ የቀረጸው ፊልም፣ ካሜራው ከኬኔዲ ጀርባ ሆኖ በሕዝብ መካከል አብሮት ሲያልፍ የሚያሳይ ስለሆነ የዚህ አዲስ አሠራር መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ከቡድኑ ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ሪቻርድ ሊኮክም ይህንኑ ካሜራ ይዞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪ ቤት ገብቷል።

የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ከዚያ ቀድሞ፣ በ1959፣ ሮማን ክሮይተርና ቮልፍ ኮኒግ ስለ ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ የሠሯቸውን ሁለት አጫጭር ፊልሞች አውጥቶ ነበር። አንደኛው ጉልድን ከቶሮንቶ በስተ ሰሜን በሚገኘው ሲምኮ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጎጆው ያሳየዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በኒው ዮርክ የሸክላ ቀረጻ ክፍል ውስጥ የባኽን የጣሊያን ኮንሰርቶ ሲቀርጽ ይከተለዋል። ሁለተኛው የሚበልጠው ቀረጻ ምን ያህል መደጋገም፣ ምን ያህል መጠራጠር እንዳለበት በግልጽ ስለሚያሳይ ነው፤ ጉልድ እየተጫወተ ያንጎራጉራል፣ ቴክኒሻኖቹም ማንጎራጎሩ በሸክላው ላይ እንዳይገባ ይጨነቃሉ። ጉልድ በ1964 ከኮንሰርት መድረክ ፈጽሞ ከራቀ በኋላ ሕይወቱን ለማይክሮፎንና ለካሜራ የሰጠ በመሆኑ፣ ለዚህ ዘርፍ ልዩ ባለውለታ ነው። በ1981 ፈረንሳዊው ብሩኖ ሞንሳንዦን የባኽን የጎልድበርግ ቫሪየሽኖች፣ ማለትም በአንድ መሠረታዊ የባስ መስመር ላይ የተገነቡትን 30 ልዩ ልዩ ቅርጾች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጫወት ቀረጸው፤ ጉልድ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። በዚያ ፊልም ውስጥ ወደ 50 ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ሰው ፒያኖ ከመጫወት ሌላ ምንም አያደርግም፤ ሆኖም ከፊቱ፣ ከጣቶቹና ከጀርባው አጎነባበስ የሚነበበው ታሪክ የትኛውም የልደትና የሞት ቀን ዝርዝር የማይሰጠው ነው።

ክሪስቶፈር ኑፐን ከሁሉ ይበልጥ ለዚህ ክርክር ምስክር ይሆናል። ኑፐን በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በቢቢሲ ሬዲዮ የሠራ፣ ስለዚህም ወደ ምስል የመጣው ከድምፅ በኩል የሆነ ባለሙያ ነበር። አዲሶቹን ጸጥተኛ ካሜራዎች ይዞ ወደ ወጣት ሙዚቀኞች ጓደኞቹ ቀረበ፤ በ1967ም ስለ ሴሎ ተጫዋቿ ዣክሊን ዱ ፕሬ ፊልም አወጣ። ፊልሙ ከኤልጋር ጋር እንደገና ያገናኛል፤ ምክንያቱም ዱ ፕሬ የታወቀችው ኤልጋር በ1919 በጨረሰው የሴሎ ኮንሰርቶ ሲሆን፣ ኮንሰርቶ ማለት አንድ ዋና ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር እየተመላለሰ የሚጫወተው ሰፊ የሙዚቃ ድርሰት ነው። ኑፐን ፊልሙን ለሁለት ከፈለው፤ በመጀመሪያው ክፍል ዱ ፕሬ፣ መምህሯ ዊልያም ፕሊዝና ባለቤቷ ዳንኤል ባረንቦይም ይናገራሉ፣ ይስቃሉ፣ ይለማመዳሉ፤ በሁለተኛው ክፍል ግን ንግግር ሁሉ ይቆምና ኮንሰርቶው ባረንቦይም በሚመራው ኦርኬስትራ ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ሙዚቃውን ማንም በማብራሪያ አያደናቅፈውም። ይህ ቀላል ውሳኔ ሊመስል ይችላል፤ በቴሌቪዥን ጣቢያ የሠራ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ያለ ቃል ለማሰራጨት ምን ዓይነት ጽናት እንደሚጠይቅ ያውቀዋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1969 መጨረሻ፣ ኑፐን በለንደን ኩዊን ኤልሳቤጥ አዳራሽ የሹበርትን «የትራውት ኩዊንቴት»፣ ማለትም ሹበርት በ22 ዓመቱ ለአምስት መሣሪያዎች የደረሰውን ሥራ፣ ለሚጫወቱ አምስት ወጣቶች ካሜራውን አዘጋጀ። ባረንቦይም በፒያኖ፣ ኢትዛክ ፐርልማን በቫዮሊን፣ ፒንካስ ዙከርማን በቫዮላ፣ ዱ ፕሬ በሴሎ፣ የኦርኬስትራ መሪው ዙቢን ሜታ ደግሞ ለዚያች ቀን ወደ ቀድሞ መሣሪያው ወደ ደብል ባስ ተመልሶ ተሰለፉ። ከዝግጅቱ በፊት መሣሪያ እየተቀያየሩ ሲጫወቱና ሲሳሳቁ ይታያሉ፤ ከዚያ ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ሥራው በሙሉ ይሰማል። በመድረክ ጀርባ የታየው ቀልድና በመድረክ ላይ የሚታየው ጥንቃቄ አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን፣ ማለትም ሁለቱም አንዱ ሌላውን ከማዳመጥ የሚወለዱ መሆናቸውን፣ ፊልሙ ያለ ተራኪ ያሳያል። አንዱ ዜማውን ለሌላው ሲያስረክብ በዓይን ይጠቃቀሳሉ፤ ካሜራው ያንን ጥቅሻ ይይዘዋል። የክፍል ሙዚቃ የሚባለው፣ ያለ መሪ በጥቂት ሰዎች የሚጫወተው ሙዚቃ፣ ምንነቱ ያለው በዚህ መተያየት ውስጥ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ምስል ለሙዚቃው ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሙዚቃው አካል ይሆናል።

በ1973 ዱ ፕሬ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው፣ የነርቮችን ሽፋን እያጠቃ ሰውነትን የሚያዳክም በሽታ እንዳለባት ተረጋገጠ፤ ሴሎ መጫወት አቆመች፣ በ1987ም በ42 ዓመቷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሷ የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች መነሻቸውም መድረሻቸውም በሽታው ሆነ። ይህ ዝንባሌ ከሁሉ የበለጠ ሊነቀፍ የሚገባው ነው፤ የአንድን አርቲስት ሕይወት ከመጨረሻው መከራ ወደ ኋላ እያነበቡ እያንዳንዱን ደጋን መሳቧን የሞት ትንቢት ማድረግ፣ ተመልካቹን ያስለቅሰው እንደሆነ እንጂ ሙዚቃዋን አያሰማውም። የኑፐን የ1967 ፊልም የሚመጣውን ስለማያውቅ ንጹሕ ነው፤ በውስጡ ያለችው የ22 ዓመት ወጣት ለራሷና ለኤልጋር ትጫወታለች፣ ለሐዘን አታገለግልም።

ሌላው የዘርፉ ደዌ ምስክር ማብዛት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መጻሕፍት ወይም ፒያኖ ከጀርባቸው አድርገው ስለ ሟቹ ታላቅነት የሚናገሩ ሰዎች የማይታዩበት የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ዛሬ ጥቂት ነው። ችግሩ መናገራቸው አይደለም፤ ችግሩ አርታኢው፣ ማለትም የተቀረጸውን ምስልና ድምፅ ቆርጦ የሚያገጣጥመው ባለሙያ፣ ለንግግራቸው ቦታ ለመስጠት በሙዚቃው ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ሙዚቃው ጀምሮ አምስትና ስድስት ሰከንድ ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ከንግግሩ ሥር ይገባል፤ ምስክሩም «ይህ አጨዋወት አቻ የለውም» እያለ አቻ የለውም የሚለውን አጨዋወት በገዛ ድምፁ ይሸፍነዋል። ገጣሚ በሚዘከርበት ፊልም ላይ የግጥሙ ስንኝ በመሐል ተቆርጦ አድናቂ ቢናገርበት ተመልካች ይቆጣል፤ በሙዚቃ ላይ ግን ይህ ጉዳት እንደ ሙያ ወግ ተለምዷል። የኦርኬስትራ መሪው ሊዮናርድ በርንስታይን ከ1958 እስከ 1972 በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ ለወጣቶች ባቀረባቸው 53 ኮንሰርቶች ሙዚቃን እያቋረጠ አስተምሯል፤ ነገር ግን የሚያቋርጠው አንዱን ሐረግ ለማሳየት ነበር፣ ካሳየውም በኋላ ኦርኬስትራውን አዞ ያሰማው ነበር። ለማስረዳት ማቋረጥና ለማድነቅ ማቋረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላው የኦርኬስትራ መሪ ሄርበርት ፎን ካራያን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ፤ ለምስል ውበት ሲል ድምፁን አስቀድሞ እያስቀረጸ፣ ተጫዋቾቹ በኋላ በካሜራ ፊት ከተቀረጸው ድምፅ ጋር እየተስማሙ እንዲጫወቱ የሚያደርግባቸው ፊልሞች አሉት። ረድፎቹ ያማሩ፣ ብርሃኑ የጠራ ነው፤ የመሪው ፊት ግን ከተጫዋቾቹ ሁሉ በላይ ይታያል። ይህን ጉዳይ በተመለከተ ሩሲያዊው ፒያኒስት ስቪያቶስላቭ ሪክተር የሰጠው ምስክርነት ክብደት አለው። በ1969 በበርሊን ሪክተር፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዴቪድ ኦይስትራኽና ሴሎ ተጫዋቹ ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች ከካራያን ጋር የቤቶቨንን የሦስትዮሽ ኮንሰርቶ ቀረጹ፤ ሪክተር ለሞንሳንዦን በሰጠው ቃል እንደተረከው፣ እርሱ ቀረጻው እንዲደገም ሲጠይቅ ካራያን ጊዜው ለፎቶግራፍ እንደሚያስፈልግ ገልጾ ከለከለ። ሪክተርም በሸክላው ላይ የወጣውን ፎቶግራፍ እንደሚጠላው አልደበቀም።

ሞንሳንዦን በ1998 ያወጣው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጀው የሪክተር ፊልም የዘርፉ ቁንጮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሪክተር በ1915 በዩክሬን ዢቶሚር ተወለደ፤ ጀርመናዊ ዘር ያለው አባቱ በ1941 በኦዴሳ በሶቪየት ባለሥልጣናት ተረሸነ፤ በ1953 ደግሞ ሪክተር በስታሊን ቀብር ላይ እንዲጫወት ተጠራ። ቃለ መጠይቅ አጥብቆ የሚሸሽ ሰው ነበርና፣ ሞንሳንዦን ቃሉን ለማግኘት የቻለው ለረጅም ጊዜ ተጠግቶት በመቆየት፣ እርሱ ራሱም ቫዮሊን ተጫዋች በመሆኑ ስለ ሙዚቃ እንደ ባልደረባ ስለሚያወራው ጭምር ነው። በፊልሙ ላይ የሚታየው ሽማግሌ በድካም ውስጥ ሆኖ ከማስታወሻ ደብተሩ ያነባል፤ በመካከልም ከተለያዩ ዘመናት የተሰበሰቡ አጨዋወቶቹ ይሰማሉ። ሪክተር ራሱን እንደማይወድ በአጭሩ ተናግሮ ፊልሙ ሲያበቃ፣ ያንን ቃል ተራኪ ወይም ምስክር አያብራራውም፤ ስለሚያሰማው ሙዚቃ ታላቅነት ግን ተመልካቹ በጆሮው ፈርዶ ጨርሷል። በ1997 የሞተው ሪክተር ፊልሙን በተጠናቀቀ መልኩ አላየውም።

የሪክተር ነገር ለዚህ ዲስኩር ክርክር ከባድ ፈተናም ያቀርባል። በሕይወቱ መጨረሻ አዳራሹን በጨለማ አስውጦ፣ በኖታው ላይ ብቻ ትንሽ መብራት አብርቶ ይጫወት ነበር፤ ሰሚው የተጫዋቹን እጅና ፊት ማየቱ ከሙዚቃው ያዘናጋዋል ብሎ ያምን ነበርና። እርሱ ትክክል ከሆነ የሙዚቃ ፊልም መሠረቱ የተሳሳተ ነው ማለት ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነውን ለማግኘት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የድጓ ተማሪ ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ቅናቱንና ርክርኩን በመጽሐፉ ላይ በምልክት ያገኘዋል፤ ዜማውን የሚያውቀው ግን ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ የአፉን አከፋፈትና የእጁን አመራር እያየ፣ እየሰማ፣ እየተቀበለ ነው። ዓይን ጆሮን የሚያዘናጋው የሚታየው ነገር ከሚሰማው ሲለይ ነው፤ ተጫዋቹ ትንፋሹን ሲስብ የሚያይ ሰው ግን የሚመጣውን ሐረግ ከመምጣቱ በፊት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሪክተር የተቃወመው ለታይታ የሚደረገውን እይታ ነው ብሎ መረዳት ይቻላል፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ሙዚቃውን ላላቋረጠበት ፊልም ሠሪ በመጨረሻ ፊቱን የሰጠው።

ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት አንድ ሕይወት አለ። በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር በግዞት ወደ አሲናራ ደሴት ተወሰዱ፤ በኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ፤ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» የሙዚቃ ስብስብ 21ኛ ቅጽ ሆኖ የወጣው የፒያኖ ሥራቸው በዓለም ዙሪያ አሳወቃቸው፤ በ2023ም በኢየሩሳሌም አረፉ። ቢቢሲ በ2017 ስለ እርሳቸው ያሰራጨው ዘጋቢ ፕሮግራም የሬዲዮ ነበር። በሬዲዮ መቅረቡ ሙዚቃው በሚገባ እንዲደመጥ ረድቷል፤ በአንጻሩ ግን የእማሆይ አጨዋወት ዋና ምሥጢር፣ ማለትም ከምት እስር ወጥቶ በትንፋሽ የሚረዝምና የሚያጥር፣ በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያንን ዜማ፣ በሌላ በኩል የአውሮፓን ፒያኖ የሚያስታውሰው አካሄድ፣ በጣቶቻቸው ላይ እንዴት እንደሚፈጸም በድምፅ ብቻ ለማስተላለፍ አይቻልም። ለፒያኖ ተማሪ ከሕይወታቸው ታሪክ ይልቅ የሚጠቅመው ያ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1964፣ የኤልጋር ፊልም በተሰራጨ በሁለት ዓመቱ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ «እረኛው ባለዋሽንት» የተሰኘውን የኦርኬስትራ ሥራ የደረሱት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በ1998 አርፈዋል፤ በያሬድና በቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ግን ዛሬም ይጫወታል። ስለ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ፊልም ለመሥራት የሚያስብ አዘጋጅ ሊጀምርበት የሚገባው ነገር የምስክሮች ስም ዝርዝር አይደለም። መጀመሪያ ጥሩ የተቃኘ ፒያኖ ያለበትን አዳራሽ፣ ሁለት ወይም ሦስት ካሜራዎችንና ሙዚቃ የሚያውቅ የድምፅ ባለሙያን ይፈልግ፤ ከዚያ ባለሙያው አንድ ሙሉ ሥራ ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው ሲጫወት ይቅረጸው፤ ለሙዚቃው የተፈቀደለትን ደቂቃም ከማንኛውም ቃለ መጠይቅ በፊት ከጣቢያው ጋር በውል ይጻፈው። ልጅነቱን፣ መምህራኑን፣ የሄደባቸውን አገሮችና የሚያውቁትን ሰዎች ምስክርነት በቀረው ሰዓት ልክ ሊያስገባው ይችላል።